ጠያቂ አይደለሁም

የሆስፒታሉ መኪና ማቆሚያ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከአሳንሰሩ በስተግራ አራተኛዋ ቦታ። 23 ቀን ሙሉ አባትነቴን የተወጣሁት እዚያች ላይ ቆሜ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ባለቤቴን በሩ ላይ አወርዳትና ወደዚያ እወጣለሁ። ሞተሩን አጠፋለሁ። ስልኬን መሪው ላይ አስደግፋለሁ። ሊንኩን እከፍታለሁ፣ የይለፍ ቃሉን አስገባለሁ። ትንሽ ነጭ ክብ ይሽከረከራል። ከዚያ ልጄ ይመጣል።

በእኔና በልጄ መካከል የነበረው ርቀት ቢበዛ ሁለት መቶ እርምጃ ነው። ግን የማየው አዲስ አበባ ያለችው አያቱ በምታየው መንገድ ነበር። በስልክ።

ጊዜው 2020 ነው፣ በእኛ አቆጣጠር 2012። ቦታው ሜሪላንድ። ኮሮና ገና መግባቱ ነበር። ባለቤቴ የ29 ሳምንት ነፍሰ ጡር ሳለች የደም ግፊቷ አሻቀበና አልወርድ አለ። ሚያዝያ 30፣ የግንቦት ልደታ ዋዜማ፣ በኦፕራሲዮን ወለደች። ልጁ 1 ኪሎ ከ120 ግራም ነበር። አንድ ኪሎ ስኳር በእጃችሁ ያዙና ትንሽ ቆንጥራችሁ ጨምሩበት። በቃ ያን ያህል ነው።

አገር ቤት ብንሆን ቤቱ በሰው ይሞላ ነበር። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የማይላት ሰው አይኖርም። ገንፎው ይገነፋል፣ እልልታው ጎረቤት ድረስ ይሰማል። እኛ ቤት እልል ያለ የለም። የምሥራች ብሎ ለመደወል እንኳ ፈርተን ነበር። ስሙንም አልነገርንም። «ይትረፍና» ነበር የምንለው፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን።

ልጁ ወዲያው ማሞቂያ ገባ። በአፍንጫው አየር የሚገፋ ቱቦ ተደረገለት። በእምብርቱ በኩል መድኃኒትና ምግብ የሚወስድ ቀጭን ሽቦ የመሰለ ነገር ገባ። እኔ እሱን ያየሁት ከኦፕራሲዮን ክፍሉ ሲያወጡት፣ ምናልባት ለአንድ ደቂቃ ነው። ከዚያ መመሪያው መጣ። ክፍሉ ውስጥ የሚገባው አንድ ወላጅ ብቻ ነው። ያውም ተቀያይሮ አይደለም፤ አንዴ ስሙ የተመዘገበው ወላጅ ልጁ እስኪወጣ ድረስ እሱ ብቻ ነው የሚገባው። ማን እንደሚሆን አልተከራከርንም። ወተቱ ያለው እሷ ጋ ነው።

በማግስቱ ግን እግሬ አልታዘዝ አለኝና ወደ መግቢያው ሄድኩ። ጠረጴዛው ጋ ያለችው ሴት ጨዋ ናት። ከጭምብሏ በላይ ዓይኖቿ ያዝናሉ። «ይቅርታ፣ ጠያቂ አይገባም» አለችኝ። ያለችው በእንግሊዝኛ ነው፣ ቪዚተር ነው ያለችው። እኔ ግን የሰማሁት በአማርኛ ነው።

ጠያቂ ማለት ብርቱካን ይዞ የሚመጣ ሰው ነው። አልጋው ጠርዝ ላይ አምስት ደቂቃ ይቀመጣል። «እግዜር ይማርህ» ይላል፣ ከበሽተኛው ይልቅ ከአስታማሚው ጋር ያወራል፣ ሰዓቱን አይቶ ይነሳል። ጠያቂ ቢቀር ሰው ይቀየመዋል እንጂ በሽተኛው አይጎዳም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ይህ ቃል ከአእምሮዬ አልወጣም። አባት ጠያቂ ነው? እናትስ በየትኛው ሂሳብ ነው ጠያቂ የምትባለው?

ካሜራው ደግ ነገር ነው፣ አልክድም። እያንዳንዱ ማሞቂያ አጠገብ እንደ ጠረጴዛ መብራት አንገቱ የሚታጠፍ ካሜራ አለ። ቤተሰብ ሊንክና የይለፍ ቃል ይሰጠዋል። ቀንም ሌሊትም መክፈት ይቻላል። የልጄን ጣቶች፣ የፊቱን መጨማደድ፣ ከጆሮው ጀርባ ያለውን ለስላሳ ፀጉር ሁሉ በዚያ ካሜራ ነው የተማርኩት። ሲተኛ ቀኝ እጁን ወደ ጉንጩ ይወስዳል። አሁንም እንደዚያ ነው የሚተኛው። ባለቤቴም ሌሊት ወተቷን በፓምፕ ስታልብ ካሜራውን ከፍታ ነበር። ነርሶቹ ናቸው እንደዚያ አድርጊ ያሏት፤ እያየችው ስታልብ ጠርሙሱ ቶሎ ይሞላ ነበር።

ግን ካሜራው ድምፅ የለውም። ቢያንስ የእኛው አልነበረውም።

ልጅ አፉን ከፍቶ ሲያለቅስ፣ ፊቱ ሲቀላ፣ አገጩ ሲንቀጠቀጥ ታያላችሁ። ምንም አይሰማም። መኪናው ውስጥ የምሰማው የራሴን ትንፋሽና ታች የሚያልፈውን አምቡላንስ ነው። ድምፅ የሌለው ለቅሶ ማየት ምን እንደሚመስል ለሰው ማስረዳት ይቸግረኛል። የስልኩን ድምፅ ደጋግሜ ከፍ አደርግ ነበር። እንደማይሰራ እያወቅሁ።

ሌላም አለ። ነርሶቹ ቱቦ ሲቀይሩ፣ ደም ሲወስዱ፣ ሐኪሙ ሲመረምር ካሜራውን ያጠፉታል። ለልጁም ለሠራተኛውም ክብር ስለሆነ ይገባኛል። ስክሪኑ ይጠቁርና «ለጊዜው ተቋርጧል» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። አብዛኛውን ጊዜ አሥር ደቂቃ ነው። በዘጠነኛው ቀን ግን 47 ደቂቃ ቆየ። ባለቤቴ ያን ቀን ትኩሳት ቢጤ ስለነበራት አልገባችም፤ ቤት ተኝታለች። እኔ ብቻዬን መኪናው ውስጥ ጥቁር ስክሪን አያለሁ። ወደ ክፍሉ ደወልኩ፣ አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ። መቶ እርምጃ፣ ሁለት መቶ እርምጃ እያልኩ ደረጃውን በልቤ ቆጠርኩ። ከመኪናው ወርጄ አሳንሰሩ በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። በ47ኛው ደቂቃ ምስሉ ሲመጣ ልጁ በሆዱ ተኝቷል፣ ጀርባው ከፍ ዝቅ ይላል። በኋላ ስጠይቅ የክንዱ ደም ሥር አልገኝ ብሏቸው ነው። ሌላ ምንም የለም። እዚያ ብሆን ኖሮ ግን እጄን ጭንቅላቱ ላይ አደርግለት ነበር። ያን 47 ደቂቃ ማንም ከእኔ ሊወስደው አይችልም፣ ለእሱም ማንም ሊመልስለት አይችልም።

አማቴ አዲስ አበባ ሆነው ሊንኩን ይከፍቱ ነበር። ማለትም የባለቤቴ ታናሽ እህት ትከፍትላቸዋለች። መጀመሪያ አልፈለጉም ነበር። «አራስ ልጅ እንዲህ ለሰው ይታያል? ዓይን ቢገባውስ?» አሉ። በእኛ አገር አራስ ልጅ ይሸፈናል እንጂ ለዓለም አይዘረጋም። ግን ናፍቆቱ በለጠባቸው። አንድ ቀን አይተው «እትፍ፣ እትፍ» ብለው ባረኩት። ከዚያ በኋላ ሥራቸው ሆነ። የእኛ ሌሊት እሳቸው ጋ ጠዋት ነው፣ ሰባት ሰዓት ይቀድሙናል። እኛ ስንተኛ እሳቸው ይረከባሉ። ጎረቤት ሲገባ ግን ስልኩን በነጠላቸው ይሸፍኑታል። እህቷ ስትነግረን አለቀስን። ከአሥር ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ልጁን በነጠላቸው አለበሱት።

አንድ ነገር ግን አልዋጥላቸው ብሎ ነበር። «ይኼ ልጅ ድምፅ የለውም እንዴ?» ይሉኛል።

«እማማ፣ ካሜራው ነው ድምፅ የማያመጣው።»

«እሺ ልጄ» ይላሉ። በማግስቱ እንደገና ይጠይቃሉ።

መተንፈስ እንደሚረሳ ግን አልነገርናቸውም። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ልጆች እንደዚያ ናቸው፤ ትንፋሻቸው ለጥቂት ሰከንድ ቀጥ ይላል፣ ልባቸው ይዘገያል፣ ማሽኑ ይጮኻል። ነርሷ ጀርባቸውን ነካ ስታደርጋቸው ይመለሳሉ። ለዚህ የሚሰጣቸው መድኃኒት ካፌይን ነው። የቡናው ካፌይን። ባለቤቴ ይህን የሰማች ቀን ደውላ «ስማ፣ ልጅህ ቡና ጀመረ» አለችኝ። ከወለደች ጀምሮ ስትስቅ የሰማሁት ያኔ ነው።

ከማታ ነርሶቹ አንዷ ሐበሻ ነበረች። የስም ዝርዝሩን አይታ አወቀችን። አንድ ሌሊት 5 ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። «አይዞህ ወንድሜ፣ ምንም አልሆነም» ብላ ጀመረች። ልቤ ልትወጣ እንደምትችል ስለምታውቅ ነው። «የክፍሉን ስልክ በትንሽ ድምፅ ወደ እሱ ላስጠጋልህ፣ አናግረው» አለችኝ። አባትና ልጅ እንዲህ ተገናኘን።

ምን እንደምለው ጠፋኝ። «የኔ ልጅ፣ አባትህ ነኝ» አልኩና ቆምኩ። ጉሮሮዬ ተዘጋ። ከዚያ የመጣልኝን ተናገርኩ። ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት የምሄድበትን የታክሲ መንገድ። መገናኛ፣ ሃያ ሁለት፣ ኡራኤል፣ ባምቢስ፣ እስጢፋኖስ፣ ስታዲየም፣ ለገሃር። እንደ ወያላ ሳይሆን ቀስ ብዬ፣ እንደ እሹሩሩ። መልሼ ከለገሃር ወደ መገናኛ ወሰድኩት። ሌላውን ስልክ ከፍቼ በካሜራው አየው ነበር። እጁ ጉንጩ ላይ ነው። ግንባሩን ጨምደድ አደረገና ለቀቀው። ነርሷ ቀስ ብላ «የልብ ምቱ ረጋ አለ፣ ቀጥል» አለችኝ። ከዚያ በኋላ እሷ ተረኛ በሆነች ቁጥር ያንን ጉዞ አብረን እንሄዳለን።

ሕፃን ገና ማሕፀን ሳለ ነው መስማት የሚጀምረው። የእኛ ልጅ በተወለደበት ዕድሜ ድምፅ ይሰማል። እስከዚያ ቀን ግን እናቱ በሌለችበት ሰዓት የሚሰማው የማሽን ጩኸትና በሩ ሲዘጋ ነበር።

በ23ኛው ቀን መመሪያው ላላ። ሁለቱም ወላጆች ይግቡ፣ ግን በየተራ ተባለ። ያቺው ሴት ጠረጴዛው ጋ ነበረች። ሙቀቴን ለካችና ደረቴ ላይ ተለጣፊ ወረቀት ለጠፈችልኝ። «ቪዚተር» ይላል። ምንም አላልኳትም። ደስታዬ በዝቶብኝ ነበር።

እጄን እስከ ክርኔ ሁለት ደቂቃ ታጠብኩ። ነርሷ ሸሚዝህን ክፈት አለችኝ። ልጁን ከነቱቦው፣ ከነሽቦው አንስታ ደረቴ ላይ አስቀመጠችው። ክብደት የለውም። ሙቀት ብቻ ነው። ራሱ የእኔን መዳፍ አይሞላም። የኦክስጅኑ ቁጥር 88 ነበር። ከማሽኑ ላይ ዓይኔን አልነቀልኩም። 90፣ 93፣ 96። ከዚያ አፉን ከፈተና አለቀሰ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። ቀጭን ነው፣ የድመት ግልገል ይመስላል። ነርሷ ዝም ልታሰኘው እጇን ስትዘረጋ «ተይው፣ ትንሽ ልስማው» አልኳት።

ከዚያ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት። ለምንድን ነው ወላጅ ከበሩ ውጪ የሚቆመው? ይህ ከኮሮና ጋር የመጣ ነገር መስሎኝ ነበር። አይደለም። የቆየ ልማድ ነው፣ ኮሮና መልሶ ቀሰቀሰው እንጂ።

ማሞቂያው ሲጀመር እንኳ የነበረው ሁኔታ ለማመን ይከብዳል። ኒውዮርክ ኮኒ አይላንድ በሚባል የመዝናኛ ሠፈር ማርቲን ኩኒ የሚባል ሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1903 እስከ 1943 ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ልጆችን በማሞቂያ አድርጎ ለሕዝብ ያሳይ ነበር። መግቢያው 25 ሳንቲም ነው። በገንዘቡ ልጆቹን ያሳክማል፣ ከወላጅም ምንም አይጠይቅም። በዚያ ዘመን አብዛኛው ሆስፒታል ማሞቂያ ስላልነበረው ብዙ ልጆች በእሱ ተርፈዋል። በኋላ ሆስፒታሎቹ ራሳቸው ክፍል ሲከፍቱ ደግሞ በሩን ዘጉት። ምክንያታቸው ኢንፌክሽን ነው። ወላጅ በመስኮት ያይ ነበር። ለሳምንታት፣ ለወራት፣ በመስኮት።

ፍርሃቱ ከንቱ አልነበረም። አንቲባዮቲክ ባልነበረበት ጊዜ አንድ ተቅማጥ ክፍሉን ሙሉ ይጨርስ ነበር። ግን ሰዎች ፈትነውታል። በ1960ዎቹ መጨረሻ ካሊፎርኒያ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ እናቶችን እጃቸውን አስታጥበው አስገቡ። ኢንፌክሽን አልጨመረም። ውጤቱ በ1970 ታትሟል። እኔ መኪና ውስጥ ከመቀመጤ 50 ዓመት በፊት ማለት ነው።

ኮሎምቢያ ደግሞ መፍትሔው የመጣው ከችግር ነው። በ1978 ቦጎታ ውስጥ ዶክተር ኤድጋር ሬይ የሚሠሩበት ሆስፒታል ማሞቂያ አይበቃውም፣ ልጆች ተደርበው ይተኛሉ፣ ኢንፌክሽን ይገድላቸዋል። እናቶቹን ማሞቂያ አደረጓቸው። ልጁን በዳይፐር ብቻ፣ ደረት ለደረት፣ ቀንና ሌሊት። ዛሬ የካንጋሮ እንክብካቤ የምንለው ይህ ነው።

የሚያስቆጨኝ ይህ ነው፤ ይህን ለማወቅ እኛ ሐበሾች ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። አዲስ አበባ ላይ፣ በሐኪሞቻችን እጅ፣ ዶክተር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው ያደረጉት ጥናት በፈረንጅ አቆጣጠር በ2005 ታትሟል። ከ2 ኪሎ በታች የተወለዱ 123 ልጆች ናቸው። ገና በተወለዱ በሰዓታት ውስጥ፣ ሁኔታቸው ሳይረጋጋ፣ ግማሾቹ እናታቸው ደረት ላይ ሆኑ፤ ግማሾቹ በተለመደው መንገድ ታከሙ። በተለመደው መንገድ ከታከሙት 38 በመቶው ሞቱ። እናታቸው ላይ ከነበሩት 22.5 በመቶው። ሁለቱም ቁጥር ያማል። ግን በመሃላቸው ያለውን ልዩነት ተመልከቱት። እነዚያ ልጆች ዛሬ ከ20 ዓመት በላይ ሆነዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ያወጣው ጥናት ይህንኑ በትልቁ አሳየ። ጋና፣ ሕንድ፣ ማላዊ፣ ናይጄሪያና ታንዛኒያ፣ ከ3,200 በላይ ልጆች። እናቲቱ ጽኑ ሕክምናው ክፍል ውስጥ አልጋ ተሰጣት። ጠያቂ አይደለችም፣ ነዋሪ ናት። ልጁ በቀን ወደ 17 ሰዓት ደረቷ ላይ ይውላል። በሌላው ወገን ያሉት 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው ያገኙት። በ28 ቀን ውስጥ የሞቱት 15.7 በመቶ የነበረው ወደ 12 በመቶ ወረደ። ኢንፌክሽንም ቀነሰ እንጂ አልጨመረም። ጥቅሙ ስለታየ ጥናቱን ከታቀደው ጊዜ በፊት አቆሙት። በቀጣዩ ዓመት ድርጅቱ መመሪያውን ቀየረ። ልጁ እንደተወለደ ወዲያው ይጀመር፣ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት፣ ቤተሰቡም የሕክምናው አካል ይሁን አለ።

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ነው የእህቴ ተራ የመጣው። ታናሽ እህቴ በእኛ አቆጣጠር በ2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል፣ በ31 ሳምንት ሴት ልጅ ወለደች። በየቀኑ እደውልላት ነበር። የምትነግረኝን አልረሳውም። እናቶች ኮሪደሩ ላይ ጋቢ አንጥፈው ይተኛሉ። በየሦስት ሰዓቱ ነርሷ በሩን ከፈት አድርጋ «እናቶች፣ ወተት!» ትላለች። ሁሉም ይነሳሉ። ያለቡትን በስኒ ይዘው ይገባሉ፣ ልጃቸውን በቱቦ ይመግባሉ፣ ይወጣሉ። በኦፕራሲዮን የወለደችውም፣ በምጥ የወለደችውም እኩል ወለሉ ላይ ናት። አራስ ብቻዋን አትተውም በሚባልበት አገር አራሶቹ እርስ በርስ ይተራረሳሉ። የአንዷ ፔርሙስ የሁሉም ነው። አጥሚቱ በየተራ ይዞራል።

ባሏ ደግሞ በር ላይ ነው። ምሳ ዕቃውን ለዘበኛ ያቀብላል። በመጠየቂያ ሰዓት ግቢ ይገባል፣ ክፍሉ ግን አይገባም። «አባት ውስጥ ምን ይሠራል?» አለው ዘበኛው። በክፋት አይደለም። እውነትም ምን እንደሚሠራ ስለማያውቅ ነው። አማቼ 11 ቀን ልጁን ሳያይ ቆየ። ያየው አንዲት ነርስ በራሷ ስልክ 20 ሰከንድ ቪዲዮ ቀርፃ ስታሳየው ነው። ያንን ቪዲዮ ለእኔ ላከልኝ። እኔም ያን ሌሊት ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም።

በነርሶቹ አልፈርድም። አንዲት ነርስ የስንት ልጅ ማሽን እየሰማች ነው። አንድ ማሞቂያ ላይ ሁለት ልጅ የሚተኛበት ጊዜ አለ። ወንበር የለም፣ የሚቀመጡበት ቦታ የለም፣ እናቶቹ ሁሉ ቢገቡ መላወሻ አይኖርም። ግን በሩን የዘጋው የቦታ ጥበት ከሆነ፣ መፍትሔው ስለ ቦታው መነጋገር ነው። ወንበር ማሞቂያ ከሚገዛበት ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ታሊን፣ ኢስቶኒያ ውስጥ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1979 ነርስ ስላነሰባቸው እናቶቹን አስገብተው፣ አስተምረው፣ ልጆቻቸውን እንዲንከባከቡ አደረጉ። ነርስ ያነሰበት ቦታ እናትን ከበር ውጪ የሚያስቀምጥበትን ሂሳብ እኔ ልረዳው አልቻልኩም። ካናዳ ከዚያ ተምራ ዘዴውን በ26 ሆስፒታሎች ሞክራዋለች፣ ከአውስትራሊያና ከኒውዚላንድ ጋር። ወላጅ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት እዚያ ይውላል፣ ይመግባል፣ ይመዝናል፣ ማስታወሻ ይይዛል። ልጆቹ የተሻለ ክብደት ጨመሩ።

ስልኩም ቦታ አለው። እህቴ አጠገብ የሚተኙ አንዲት አያት ነበሩ። የልጅ ልጃቸው የመጣው ከሌላ ከተማ በሪፈር ነው። እናቱ በኦፕራሲዮን ስለወለደች እዚያው ቀርታለች፤ ልጁን አያቱ ታቅፈው በአምቡላንስ መጡ። እናት ልጇን አላየችውም። ሞቷል እያሉ የሚደብቋት ነው የሚመስላት። አራት ቀን ሙሉ «እውነቱን ንገሩኝ» እያለች ትደውላለች። እህቴ ለነርሷ ለምና ስልኳን ይዛ ገባችና ደወለችላት። ሴትዮዋ ልጇን ስታይ ምንም አላለችም አለችኝ እህቴ። ጣቶቹን ቆጠረች። ከዚያ ወተቷ መጣ።

ለእንዲህ ያለችው እናት አንድ ስልክ፣ አንድ ማሞቂያ አጠገብ፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ትልቅ ነገር ነው። አረብ አገር ላለው አባት በኢሞ፣ ክፍለ ሀገር ላለች አያት በቴሌግራም። ይህን ሥርዓት አበጅቶ መፍቀድ ይቻላል። ስልኩ በአልኮል ይጠረግ፣ የሌላ ሰው ልጅ አይቀረፅ፣ ሰዓት ይወሰንለት። የማልቀበለው አንድ ነገር ነው። ደጅ ላይ ለቆመ አባት «ካሜራ አለልህ» ማለትን። እኔ ካሜራ ነበረኝ። ጥሩ ካሜራ ነበር። የልጄ ኦክስጅን 96 የገባው ግን ደረቴ ላይ ሲሆን ነው።

ልጃችን 63 ቀን ቆይቶ ወጣ። አርባው ቀን እዚያው ማሞቂያ ውስጥ አለፈ፤ ክርስትናው በኋላ ተነሳ። በመጨረሻዎቹ ቀናት አንድ ነገር ሆነ። ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት፣ ሰኔ 23፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ኢንተርኔት ተቋረጠ። አማቴ ካሜራቸውን አጡ። የአገሩ ጭንቀት አንድ ወገን፣ የልጁ ናፍቆት ሌላ ወገን ሆነባቸው። በመደበኛ ስልክ እንደውላለን፣ መስመሩ ይቆራረጣል። «ዛሬስ እንዴት አደረ? እጁን ጉንጩ ላይ አድርጓል?» ይሉናል። ስንት ጠባ፣ ስንት ግራም ጨመረ እያልን እንነግራቸዋለን። እንደማያምኑን ከድምፃቸው እናውቃለን።

የወጣን ቀን ማታ 4 ሰዓት ላይ ደወልኩ። እሳቸው ጋ ሊነጋ ነው። ስልኩ በመጀመሪያው ጥሪ ተነሳ።

«እማማ፣ ቤት ገባን።»

ዝም አሉ። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። ያኔ ልጁ ከኋላዬ አለቀሰ። ርቦት ነው። ያ ቀጭን ድምፅ ጎርነን ብሏል፣ ክፍሉን ይሞላል። ባለቤቴ ልታነሳው ስትል እጄን ዘርግቼ አስቆምኳትና ስልኩን ወደ አፉ አስጠጋሁት።

«እሱ ነው?» አሉ።

«እሱ ነው።»

«ይኸው ድምፁ!» አሉ። ከዚያ አዲስ አበባ ላይ፣ ከጎህ በፊት፣ እልልታቸውን አቀለጡት። ስልኩ ከጆሯቸው ሳይርቅ ነው ያሉት፤ እኛ ቤት ውስጥ ተሰማ። ልጁ ደንግጦ ዝም አለ። ከእሳቸው ጀርባ በር ሲከፈት ሰማሁ፣ ከዚያ የጎረቤት ሴት ድምፅ፣ «ምን ተገኘ በሌሊት?» ስትል፣ ከዚያ ደግሞ ሁለተኛ እልልታ።